«የመኪና ታክስ ይቅር» ሲባል ካውንቲው ለምን ይቃወማል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን የመኪና ታክስ (በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ላይ የሚታሰበው ታክስ) ቢል በደረሳቸው ቁጥር ይጽፉልናል። በዚህ እትም አምስት ጥያቄዎችን መርጠን መልሰናል። ዓመተ ምሕረቶቹና ወሮቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ምርጫ በመጣ ቁጥር የመኪና ታክስን እናስቀራለን የሚሉ ተወዳዳሪዎች ይነሳሉ። ከሁሉ ቀድሞ የሚቃወማቸው ግን የራሳችን ካውንቲ ነው። ካውንቲው ለነዋሪው አያስብም ማለት ነው? (ከስፕሪንግፊልድ)

መልስ፦ የቨርጂኒያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 10 የቤትና የመሬት ግብርን፣ እንዲሁም መኪናን በመሳሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ላይ የሚጣለውን ታክስ ለአካባቢ አስተዳደሮች ለይቶ ሰጥቷል። ተመኑን የሚያወጡትም ገንዘቡን የሚሰበስቡትም 95ቱ ካውንቲዎችና 38ቱ ራሳቸውን የቻሉ ከተሞች ናቸው። ሪችመንድ ያለው የስቴቱ መንግሥት ከዚህ ታክስ ምንም አይወስድም። ስለዚህ ለአገረ ገዢነት የሚወዳደር ሰው «ታክሱን አስቀራለሁ» ሲል ቃል የሚገባው በሌላ መንግሥት ገቢ ነው። ገንዘቡ ሲጎድል የመምህሩን፣ የፖሊሱንና የእሳት አደጋ ሠራተኛውን ደመወዝ ከየትም አምጥቶ መክፈል የካውንቲው ዕዳ ይሆናል። ፌርፋክስን ብንወስድ ከካውንቲው አጠቃላይ በጀት ከግማሽ በላዩ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ የተንቀሳቃሽ ንብረት ታክስ ደግሞ ከቤት ግብር ቀጥሎ ትልቁ የገቢ ምንጩ ነው።

ፖለቲከኞቹ ሁልጊዜ «ስቴቱ ይተካላችኋል» ይላሉ። ካውንቲዎቹ ይህን ቃል ከዚህ በፊት ሰምተውታል። ጂም ጊልሞር በ1997 የመኪና ታክስን አስቀራለሁ ብለው ለአገረ ገዢነት ተወዳድረው አሸነፉ። በ1998 የወጣው ሕግ ለግል አገልግሎት በሚውል መኪና ዋጋ የመጀመሪያ 20,000 ዶላር ላይ የሚታሰበው ታክስ በየዓመቱ እየቀነሰ እንዲሄድ ደነገገ። በ1998 ቅናሹ 12.5 በመቶ፣ በ1999 27.5፣ በ2000 47.5፣ በ2001 70 ሆነ፤ በ2002 መቶ በመቶ መሆን ነበረበት። ለነዋሪው የቀረለትን ያህል ስቴቱ ለካውንቲው ይከፍላል ተባለ።

ወጪው ግን በዘመቻው ወቅት ከተገመተው እጅግ በላይ ሆነ። ሰው አዳዲስ መኪና ሲገዛ፣ ነዋሪው ሲበዛ፣ የስቴቱም ዕዳ አብሮ ያድጋል። በ2001 የስቴቱ ገቢ መቀዛቀዝ ሲጀምር አገረ ገዢው ወደ 70 በመቶ ልሻገር አሉ፣ ሴኔቱ አይሆንም አለ፤ የስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤትም የበጀት ማሻሻያ ሳያጸድቅ ጉባኤውን ዘጋ። ቢሆንም ቅናሹ አገረ ገዢው እንዳሉት 70 በመቶ ላይ ደረሰ፤ ከዚያ ግን አላለፈም። በ2004 ደግሞ፣ ማርክ ዋርነር አገረ ገዢ ሳሉ፣ ስቴቱ የሚከፍለው ገንዘብ ከ2006 የታክስ ዓመት ጀምሮ በዓመት ከ950 ሚሊዮን ዶላር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ያ ጣሪያ ዛሬም አልተነሳም። ከዚያ ወዲህ የሸቀጥ ዋጋ ከግማሽ በላይ ጨምሯል፣ ማካካሻው ግን ባለበት ነው። የቨርጂኒያ ካውንቲዎች ማኅበርም ሆነ የከተሞቹ ማኅበር ዋስትና ያለውና ከገቢው ጋር የሚያድግ ሙሉ ምትክ ካልቀረበ በስተቀር አንስማማም የሚሉት ይህን ስላዩ ነው። ክርክራቸው ትክክል ነው እንላለን።

ታክሱ ራሱ ግን ፍትሐዊ ነው አንልም። ቤት የሌለው፣ አውቶቡስ በማይደርስበት ሰፈር የሚኖርና ለሥራ ሲል ብቻ መኪና የገዛ ሰው ላይ ይከብዳል። ይህንን ካውንቲዎቹ በአደባባይ ደፍረው ሲናገሩ አይሰማም፤ ቢናገሩ ነዋሪው ይበልጥ ያምናቸው ነበር።

ጥያቄ፦ የመኪናዬ ዋጋ ብዙ አልተለወጠም፣ የካውንቲው ተመንም ያው ነው። የምከፍለው ግን ከዓመት ዓመት ጨመረ። ቢሉ ላይ ያለው የስቴት ቅናሽ በመቶኛ ሲቀንስ አያለሁ። ማን ነው የሚቀንሰው? (ከሴንተርቪል)

መልስ፦ የሚቀንሰው ከላይ የጠቀስነው ጣሪያ ነው። እያንዳንዱ አስተዳደር ከ950 ሚሊዮኑ የተወሰነ ድርሻ አለው። የፌርፋክስ ካውንቲ ድርሻ 211 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን በየዓመቱ ያው ነው። ካውንቲው በየዓመቱ ቅናሽ የሚገባቸውን መኪናዎች ሁሉ ታክስ ይደምርና ድርሻው ስንት በመቶውን እንደሚሸፍን ያሰላል።

በትንሽ ቁጥር እንየው። ድርሻው 10 ሚሊዮን የሆነ ካውንቲ ቅናሽ የሚገባው ታክስ ድምር 14 ሚሊዮን ቢሆን ቅናሹ 71 በመቶ ገደማ ይሆናል። መኪናው በዝቶና ዋጋው ወጥቶ ድምሩ 20 ሚሊዮን ሲደርስ ያው 10 ሚሊዮን 50 በመቶውን ብቻ ይሸፍናል። የእርስዎ መኪና ባይለወጥም የጎረቤትዎ አዲስ መኪና ድርሻዎን ያሳንሰዋል ማለት ነው። በ2022 ያገለገሉ መኪናዎች ዋጋ በጣም ሲንር ችግሩ ጎልቶ ታየ። ያኔ ፌርፋክስ መኪናዎችን በገበያ ዋጋቸው 85 በመቶ ብቻ በመገመት ጫናውን አቃልሏል።

ቢልዎን ሲያዩ እንዲህ ይፈትሹት። መኪናው 24,000 ዶላር፣ ተመኑም ከመቶ 4 ዶላር ነው እንበል። ጠቅላላው ታክስ 960 ዶላር ነው። ቅናሹ የሚሰላው በመጀመሪያዎቹ 20,000 ላይ፣ ማለትም በ800 ዶላሩ ላይ ብቻ ነው። ቅናሹ 70 በመቶ ቢሆን 560 ይነሳልዎትና 400 ይከፍላሉ፤ 50 በመቶ ሲሆን 400 ብቻ ይነሳልዎትና 560 ይከፍላሉ። ከ20,000 በላይ ያለው 4,000 በሁለቱም ጊዜ ሙሉ ታክስ አለበት። የተገመተበት ዋጋ 1,000 ዶላርና ከዚያ በታች የሆነ የግል መኪና ግን ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው።

ጥያቄ፦ ኡበር እሠራለሁ። ቢሌ ላይ ምንም ቅናሽ የለም፤ ጓደኛዬ ግን እንደኔ እየሠራ ቅናሽ ያገኛል። የትኛችን ነን የተሳሳትን? (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ የሚወስነው ማይሉ ነው። በዓመቱ ከነዱት ማይል ከግማሽ በላይ የሆነውን በፌዴራል ታክስዎ ላይ የሥራ ወጪ አድርገው ካስመዘገቡ ወይም አሠሪ ከከፈለልዎ መኪናው ለሕጉ «የንግድ» ነው፤ ቅናሽ አያገኝም። ከመኪናው የእርጅና ቅናሽ (ዲፕሪሲዬሽን) ከግማሽ በላዩን በሥራ ወጪነት ካስመዘገቡም እንደዚያው ነው። በዓመት 30,000 ማይል ነድተው 18,000ውን ለሥራ ብለው ካስመዘገቡ 60 በመቶ ነውና ቅናሹ አይገባዎትም። 13,000ውን ከሆነ ያስመዘገቡት ይገባዎታል።

ሁለታችሁም ትክክል ልትሆኑ ትችላላችሁ። ጓደኛዎ ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ቅናሹ መብቱ ነው። ሙሉ ቀን የሚሠራ ከሆነ ግን ለካውንቲው ያስታውቅ። ካውንቲው በኋላ ከደረሰበት የያዝነውን ዓመትና ያለፉትን ሦስት ዓመታት ወደኋላ ተመልሶ ማስከፈል ይችላል፤ ቅጣትና ወለድም ይጨመርበታል። እርስዎ ደግሞ አምና ከሙሉ ቀን ወደ ትርፍ ጊዜ ሥራ ዞረው ከሆነ ቅናሹ በራሱ ተመልሶ አይመጣም። ለካውንቲው የታክስ ክፍል (በብዙ ካውንቲዎችና ከተሞች «ኮሚሽነር ኦፍ ዘ ሬቨኑ» ለሚባለው ቢሮም ሊሆን ይችላል) የመኪናው አጠቃቀም መለወጡን በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የማይል መዝገብዎን ቅጂም ያያይዙ።

ብዙ ሾፌሮች የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። በማይል ሂሳብ ወጪ የሚቀንስ ራሱን የቀጠረ ሰው፣ ከማይሉ በተጨማሪ የመኪና ታክሱን የሥራ ድርሻ በሼጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ በሚሞላበት የፌዴራል ታክስ ቅጽ) ላይ መቀነስ ይችላል። ማይሉ 60 በመቶ ለሥራ ከሆነ ከታክሱ 60 በመቶውን ማለት ነው። ለታክስ ሠሪዎ የከፈሉበትን ቢል ይስጡት፤ ካልሰጡት ሊያውቅ አይችልም።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ዘመዶቼ የመኪና ታክስ የሚባል አያውቁም። ሜሪላንድ ያለ ታክሱ መኖር ከቻለ ቨርጂኒያን ምን ነካት? (ከዉድብሪጅ)

መልስ፦ ዘመዶችዎ ይከፍላሉ፤ ከሌላ ኪስ ነው። የሜሪላንድ ካውንቲዎች ከስቴቱ ታክስ በተጨማሪ በነዋሪው ገቢ ላይ የራሳቸውን ታክስ ይጥላሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ታክስ በ2025 3.2 በመቶ ነበር። ታክስ የሚታሰብበት ገቢው 80,000 ዶላር የሆነ ሰው 2,560 ዶላር ለካውንቲው ይከፍላል ማለት ነው፤ መኪና ይኑረው አይኑረው።

የቨርጂኒያ ካውንቲ ይህን ማድረግ አይችልም። ቨርጂኒያ የዲሎን ደንብ የሚባለውን ስለምትከተል አንድ ካውንቲ ሊጥል የሚችለው ስቴቱ በግልጽ የፈቀደለትን ታክስ ብቻ ነው፤ ለአጠቃላይ በጀቱ የሚሆን የገቢ ታክስ አልተፈቀደለትም። የመኪናው ገቢ ቢቀር ያለው ዋና መውጫ የቤት ግብርን መጨመር ነው። የቤት ግብር ሲጨምር አከራዩ ኪራይ ላይ ያደርገዋል፤ ስለዚህ መኪናው ቀረልኝ ያለው ተከራይ በሌላ በኩል ይከፍላል። በጊዜው አገረ ገዢ የነበሩት ግሌን ያንግኪን በታኅሣሥ 2024 ያቀረቡት ሐሳብ ከዚህ የተለየ ነበር። የካውንቲውን ታክስ ሳይነካ ስቴቱ ራሱ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ነዋሪ፣ ላላገባ እስከ 150፣ ለባለትዳሮች እስከ 300 ዶላር በገቢ ታክስ በኩል እንዲመልስ የሚል ነበር። ምክር ቤቱ አልተቀበለውም፤ አካሄዱ ግን የአካባቢ በጀት የማይነካ በመሆኑ ከ1998ቱ የተሻለ ነበር።

መኪናን በዘመድ አድራሻ ሜሪላንድ ማስመዝገብ ያዋጣል የሚል ወሬ ይሰማል። ታክሱ የሚከተለው መኪናው በመደበኛነት የሚያድርበትን ቦታ ስለሆነ አያድንም። ወደ ቨርጂኒያ የገባ ሰው በ30 ቀን ውስጥ መኪናውን በቨርጂኒያ ዲ.ኤም.ቪ. (መኪና በሚመዘግበውና ሰሌዳ በሚሰጠው የስቴቱ መሥሪያ ቤት) ማስመዝገብ አለበት።

ጥያቄ፦ ታክሱን ጨርሶ ማጥፋት በሕግ ይቻላል? እስከዚያው እኔ ምን ላድርግ? (ከስተርሊንግ)

መልስ፦ ሕገ መንግሥቱ ንብረት ሁሉ ታክስ እንዲከፈልበት ስለሚል፣ መኪናን በስቴቱ በሙሉ ከታክስ ነፃ ለማድረግ የታመነው መንገድ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ነው። ማሻሻያው በምክር ቤቱ ሁለት ጊዜ መጽደቅ አለበት፤ በሁለቱ መካከል የተወካዮች ምርጫ ማለፍ አለበት፤ ከዚያ ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባል። በ2020 አካል ጉዳተኛ የሆኑ የቀድሞ ወታደሮች አንድ መኪናቸው ነፃ እንዲሆን የተደረገው በዚሁ መንገድ ነው። «ሥልጣን በያዝኩ ማግስት» የሚል ተወዳዳሪ ካጋጠመዎ ማካካሻው በየዓመቱ በምን ስሌት እንደሚያድግ፣ የሚጻፈው በሕገ መንግሥት ውስጥ ነው ወይስ በየሁለት ዓመቱ በሚለወጥ በጀት ውስጥ ብለው ይጠይቁ። ተመኑን በተመለከተ ግን መናገር ያለብዎ ለካውንቲው ቦርድ ነው። በጀቱ የሚታየው በጸደይ ነው፤ ሕዝብ የሚሰማበት ስብሰባ ላይ ለመናገር ቀድመው ይመዝገቡ።

ለራስዎ ቢል ደግሞ ከጥር 1 ቀን ግምት ይጀምሩ። ካውንቲዎች ዋጋውን የሚወስዱት ከመኪና ዋጋ መመሪያ ሲሆን መመሪያው ለዕድሜው መደበኛ የሆነ ማይል ይገምታል። መኪናዎ ብዙ ከተነዳ፣ ጥር 1 አካባቢ ማይሉ የተጻፈበትን የዘይት ቅያሪ ወይም የኢንስፔክሽን ደረሰኝ ይዘው «ሃይ ማይሌጅ» ቅናሽ ያመልክቱ። የተጋጨ መኪና ከሆነ ፎቶግራፍና የጋራዥ የጥገና ግምት ያስፈልጋል። ማመልከቻው የመጨረሻ ቀን አለው፤ ቢሉ ላይ ይፈልጉት። አቤቱታው መልስ እስኪያገኝ ድረስ ታክሱን በቀኑ ይክፈሉ፤ ከተፈረደልዎት ይመለስልዎታል፤ ካዘገዩ ግን ቅጣት ይጨመራል፣ ካውንቲውም ለዲ.ኤም.ቪ. አስታውቆ የሰሌዳ እድሳትዎን ሊያስቆም ይችላል። መኪናውን ከሸጡ ወይም ከቨርጂኒያ ከወጡ ለዲ.ኤም.ቪ. ብቻ ሳይሆን ለካውንቲውም ያሳውቁ፤ ታክሱ በወር የሚታሰብባቸው ካውንቲዎች የቀረውን ወር የሚመልሱት ሲነገራቸው ነው።