መልስ፦ ባሕሩ በረዶ ሲሆን አቆስጣ የት ይገባል?

እህቴ፣ ከኮምቦልቻ ሆነሽ «የዋልታው ባሕር በረዶ ሲሠራ አቆስጣ የት ይሄዳል?» ብለሻል። አቆስጣ (ሲል) አየር የሚተነፍስ የባሕር አጥቢ እንስሳ ነው፤ መልሱም እንደ ዓይነቱ ነው። አንዳንዶቹ የበረዶውን ጠርዝ ተከትለው ይርቃሉ። የአንታርክቲካው ዌዴል አቆስጣ ግን ብዙውን ጊዜ እዚያው ይከርማል። እኛ ደሴ ላይ በሐምሌ የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ፣ እዚያ ጨለማና ብርድ ነው። እሱ ከበረዶው ሥር ሆኖ መተንፈሻ ቀዳዳውን በጥርሱ ይፍቃል። አፉን ከፍቶ፣ ራሱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ጠርዙን ይሞርዳል። ጥርሱ ሲያልቅ ዕድሜውም ያጥራል፤ ይሄ ሁሌ አንጀቴን ይበላዋል። ዓሣና ስኩዊድ የሚባል ባለብዙ ክንድ የባሕር እንስሳ ፍለጋ ከ600 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ አንዳንዴም ከ1 ሰዓት በላይ ሳይተነፍስ ይቆያል። በጥቅምት አካባቢ እናቲቱ በረዶው ላይ ትወልዳለች። ስታጠባ ብዙም ስለማትበላ ክፉኛ ትከሳለች። ግልገሏን ጡት ካስጣለች በኋላ፣ በአንታርክቲካ በጋ፣ እንደ ልቧ እየጠለቀች ገላዋን ትመልሳለች።