ከአይሱዙ ከወረደ በኋላ ጠቅ ጠቅ የሚለው ሞተር ሳይክል

«ጋሼ ሰላም ነዎት? አዲስ አበባ ያገለገለ ቦክሰር 150 ገዝቼ በአይሱዙ ወደ ደሴ አስጫንኩት። ስገዛው ድምፁ ንጹሕ ነበር። ቦታ ጠቦ ከጭነቱ ላይ አጋድመው፣ በገመድ ጠፍረው ነው ያመጡት። ሲወርድ ዘይት አንጠባጥቧል። መጀመሪያ ሳስነሳው ሰማያዊ ጭስ አወጣ፣ ከዚያ ጠፋ። አሁን ግን ጠዋት ጠቅ ጠቅ ይላል። ቤንዚን ስሰጠው ድምፁ ይፈጥናል። አሥር ደቂቃ ስነዳው ይቀንሳል። መካኒኩ ቢየላው ሄዷል፣ ሞተሩ ይፈታ አለኝ። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ እባክህ ሞተሩን ገና አታስፈታ። ቢየላ ማለት ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ነው፤ ተጭኖ በመሄድ አይበላም። ያልተሽከረከረ ሞተር ውስጡ የሚፋተግ ነገር የለም። አደጋው ከወረደ በኋላ ነው፤ በጎደለ ዘይት ከተነዳ ያኔ ይጎዳል። ስለዚህ ዘይቱን እስክታይ ድረስ አታስነሳው።

ደልዳላ ቦታ ላይ ቀጥ አድርገህ አቁመው። በጎን መቆሚያው ተደግፎ ከለካኸው ያሳስትሃል። ልኩን ካየህ በኋላ አሽትተው። ሞተር ሳይክል ሲጋደም ቤንዚን ከካርቡሬተሩ አልፎ ወደ ዘይቱ ሊወርድ ይችላል። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተህ ወይም ከቀጠነብህ ሙሉ በሙሉ ቀይረው፤ መጨመር ብቻ አይበቃም። ሰማያዊው ጭስ አያስጨንቅህ። በፒስተኑ ጎን የሾለከው ዘይት ነው የተቃጠለው። ግን የአየር ማጣሪያውን ክፈተው፣ እዚያም ዘይት ይገባል። ባትሪው ውሃ የሚሞላ ከሆነ ደግሞ ሥሩን እይ። አሲድ ፈስሶ ከሆነ ብረቱን ይበላዋል።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ። ከደብዳቤህ ውስጥ ትልቁ ፍንጭ «ስነዳው ይቀንሳል» ያልከው ነው። የቢየላ ድምፅ ወፈር ያለ ዱብ ዱብታ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ዘይቱ ስለሚቀጥን ይብስበታል እንጂ አይቀንስም። ዳገት ላይም ይጎላል። ያንተ ቀጭን ነው፣ ሲሞቅም ይለዝባል። እኔ የምጠረጥረው የጭስ ማውጫው ቧንቧ ከቴስታው፣ ማለትም ከሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ነው። ጫኞች ብዙ ጊዜ ገመዱን በቧንቧው ላይ ያሳልፉና ይወጥሩታል። መንገዱ ሲያንገጫግጨው ዳዶዎቹ ይላላሉ፣ በመሃል ያለው ማሸጊያ (ጋስኬቱ) ይከፈታል። በዚያች ክፍተት የሚያፈተልክ ጭስ ድምፁ ቁርጥ የቫልቭ ነው። ብረቱ ሲግል ስለሚለጠጥ ክፍተቱ ይጠባል፤ ድምፁም ይቀንሳል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ መገናኛው ላይ የሳሙና ውሃ ቅባና አስነሳው። አረፋ ከደፈቀ አገኘኸው። ዙሪያውን ጥቁር ጥላሸት ካለም ያው ነው። ጋስኬቱን ቀይር። ዳዶዎቹን ሞተሩ በርዶ፣ አንዴ ይህን አንዴ ያንን እያልክ፣ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቅ። በአንድ ጊዜ አትጨርሰው። ብሎኑ ቴስታው ውስጥ ከተቆረጠ ማውጣቱ ሌላ ሥራ፣ ሌላ ወጪ ነው። ለእንዲህ ያለ ጋስኬት ሲባል ቴስታው ተፈትቶ የመጣልኝ ሞተር ሳይክል አለ። ባለቤቱ ያወጣው ገንዘብ ዛሬም ይቆጨኛል።

አረፋ ካልወጣ ረጅም ካቻቢቴ ውሰድ። እጀታውን ጆሮህ ሥር አድርግና ጫፉን መጀመሪያ ቴስታው ላይ፣ ቀጥሎ ታች ካርተሩ (የሞተሩ የታችኛው አካል) ላይ አስነካው። ከካቴናውና ከጋለው ቧንቧ ራቅ። ላይ ከጎላ ቫልቭ ማስለካት ነው፤ የትናንሽ ሞተሮች የቫልቭ ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከ0.05 እስከ 0.15 ሚሊሜትር ነው፣ የራሱን ልክ ከመመሪያው እይ። ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የያዙትን ብሎኖችም ነካ ነካ አድርጋቸው።

ታች ከጎላ፣ ወፍራም ከሆነና ሲሞቅ ከባሰበት ግን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አትንዳው። እየገፋህ ጋራዥ አድርሰው፤ ያኔ መካኒኩ ልክ ሊሆን ይችላል።

ሌላ ጊዜ ስታስጭን ቀጥ ብሎ ይቁም፣ የፊት ጎማው ግድግዳ ይንካ። ገመዱ ከመሪው ሥር ግራና ቀኝ ይወጠር እንጂ ቧንቧውንም ሞተሩንም አይንካ። የቤንዚኑን መዝጊያ ራስህ ዝጋው። ለጫኙ አትተወው።