ጥያቄና መልስ፦ «ዳይሬክት» የተደረገ የነዳጅ ፓምፕ

ጥያቄ፦ የምነዳው ቶዮታ ቪትዝ ጠዋት ያለ ችግር ይነሳል። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ስወርድ መንገዱ ከተዘጋጋ ግን ለገሃር ሳልደርስ ቀጥ ይላል። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። አንድ መካኒክ የነዳጅ ፓምፑን ሪሌ ነቅሎ ኃይሉ በቀጥታ ወደ ፓምፑ እንዲያልፍ በሽቦ «ዳይሬክት» አደረገልኝ፤ ከዚያ ወዲህ አልቆመም። እንዲሁ ብተወው ምን አለበት? (አንባቢ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ አይተዉት። መካኒኩ ብልሽቱ ያለበትን ሰፈር አግኝቶታል፤ ያደረገው ግን ሙከራ እንጂ ጥገና አይደለም።

ሪሌ በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚከፍት ማብሪያ ነው። ውስጡ ያለው የቀጭን ሽቦ ጥምጥም ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት ሆኖ ምላሷን ይስባል፤ ያኔ የባትሪው ኃይል ወደ ፓምፑ ያልፋል። ጥምጥሙ ከአንድ አምፔር በእጅጉ ያነሰ ይበቃዋል፣ ፓምፑ ግን ከ4 እስከ 8 አምፔር ይጎትታል። ሞተሩ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ሪሌውን ይለቀዋል፣ ፓምፑም ይቆማል። ሽቦው ያስቀረብዎት ይህን ነው። መኪናው ተጋጭቶ ቱቦ ቢበጠስ፣ ሞተሩ ጠፍቶም ፓምፑ ቤንዚን መርጨቱን ይቀጥላል።

«ክራንክ ሴንሰር (የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው) ነው» የሚልዎት ይኖራል። እሱ ቢሆን ካንዴላውም እሳት ያጣ ነበር፣ ሽቦውም ባላስነሳው። የሚጠረጠረው ራሱ ሪሌው ነው። ፒኖቹ በተበየዱበት ላይ ቀጭን ስንጥቅ ሲኖር ሲሞቅ ይለያያል፣ ሲበርድ ይገጥማል። ወይም ምላሷ የምትነካው ጫፍ ተቃጥሏል፤ ክዳኑን በቢላዋ ፈልቀቅ አድርገው ቢያዩ ጠቁሮ ተቦርቡሮ ያገኙታል። «ጠቅ» ማለቱን ሰምቶ ደህና ነው ማለት አይቻልም፤ ጫፉ ተቃጥሎም ምላሷ ትሳባለች።

ቁልፍ ሲከፈት ፓምፑ ካላጉረመረመ ሞቷል የሚሉም አሉ። በብዙ ቶዮታዎች ፓምፑ የሚነሳው ሞተሪኖው ሲዞር ስለሆነ ዝምታው ምንም አያረጋግጥም።

በቴስተር ይለኩት። በአብዛኞቹ የቶዮታ ሪሌዎች ጥምጥሙ በፒን 1 እና 2፣ ማለፊያው በ3 እና 5 መካከል ነው፤ በሌሎች ብዙ መኪኖች ደግሞ 85 እና 86፣ 30 እና 87 ናቸው። ሪሌው ተነቅሎ 3 እና 5 መገናኘት የለባቸውም። 1 እና 2 ላይ የ12 ቮልት ባትሪ ሲያገናኙ ደግሞ ቴስተሩ በ3 እና 5 መካከል ከ1 ኦም በታች ማንበብ አለበት። በብርዱ ካለፈ በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው ይድገሙት፤ እንዲህ ያለው ብልሽት የሚያዘው ሲሞቅ ነው። ሶኬቱንም ይዩት፦ ፕላስቲኩ ከቀለጠ ወይም ፒን ከላላ አዲስ ሪሌም አይበረክትም።

መለዋወጫ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ሲሄዱ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። ቅርፁ መመሳሰሉ አይበቃም፤ ጎኑ ላይ ያለው ቁጥር፣ የፒኖቹ አሰላለፍና አምፔሩ መግጠም አለባቸው። ከተፈታ መኪና የወጣ ግን አልመክርም፤ የጫፉ ዕድሜ አይታወቅም።

አዲሱም በጥቂት ሳምንት ከተቃጠለ ፓምፑን ይጠርጥሩ። የሚጎትተውን አምፔር ያስለኩ፣ የነዳጅ ፊልትሮውንም ያስቀይሩ። የነዳጅ ማነስ መብራት በርቶ ረጅም መንዳትም ይተዉ፤ ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው ራሱ ቤንዚኑ ነው።