ማጣሪያው ሞልቷል፣ ማስፋፊያው በማን ብር ይሠራ?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን እንደተረዳሁት፣ ጅማ ውስጥ የምትሠራበት ተቋም የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬዎች ከአቅማቸው በላይ ሆነዋል። የከተማው የሽንት ቤት መምጠጫ መኪኖችም እዚያው ይደፋሉ። ክረምት ላይ ሞልቶ ወደ አዌቱ ወንዝ ይወርዳል። አማካሪው ያቀረበው የማስፋፊያ ዋጋ አለቆችህን አስደንግጧል፣ አንተም ብሩ ከየት እንደሚመጣ ግራ ገብቶሃል። እኔም የጅማ ሰው ነኝ፣ በዚህ ሥራ ብዙ ቆይቻለሁ፣ የማውቀውን ልንገርህ።

ብር ከመጠየቅህ በፊት ለካ። መግቢያው ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ቁርጥ ያለው የብረት ሰሌዳ አስገጥምና በቁርጡ የሚያልፈውን ውሃ ከፍታ በየሰዓቱ አስመዝግብ፤ የሚገባው የፍሳሽ መጠን ከዚህ ከፍታ ይሰላል። ሰሌዳውን ማንም ብየዳ ቤት ይሠራልሃል። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ የጣሪያ ውሃ ከፍሳሽ መስመሩ ጋር ተቀጥሎ፣ ማንሆሉም ክዳን አጥቶ፣ ጎርፉ ሁሉ ማጣሪያው ውስጥ ሲገባ ብዙ ቦታ አይቻለሁ። የክረምቱ መጠን ከበጋው እጅግ ከበለጠ መጀመሪያ ጎርፉን ለይ። አዲስ ኩሬ ከመቆፈር በጣም ይረክሳል።

ቀጥሎ ዝቃጩ፣ ማለትም ኩሬው ሥር የሚጠራቀመው ጭቃ። ረጅም ዘንግ ላይ ነጭ ፎጣ ጠቅልልና ቀስ አድርገህ እስከ ወለሉ አስገብተህ አውጣው፤ የጠቆረው ቁመት የዝቃጩ ጥልቀት ነው። የኩሬው ሲሶ ዝቃጭ ከሆነ ሲሶው አቅምህ ጠፍቷል ማለት ነው። ይህን ማውጣት የጥገና ሥራ ስለሆነ ከመደበኛ በጀት ይሸፈናል፣ ብድር አያስፈልገውም። ከታህሳስ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ አስወጣው፣ ከዚያ በኋላ ዝናቡ አያደርቅልህም።

ይህ ተሠርቶም ካልበቃ፣ ያኔ ማስፋፊያው እውነተኛ ጥያቄ ይሆናል። አበዳሪ የሚያየው የችግርህን ትልቅነት ሳይሆን በየወሩ የሚገባውን ገቢ ነው። ተቋምህ ደንበኛ የለውም፣ ቢል አይሰበስብም። ስለዚህ ብቻህን አትሂድ። የከተማውን የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት አጋር አድርግ፣ ምክንያቱም ቢል የሚሰበስበው እሱ ነው፣ መኪኖቹ የሚደፉትም የከተማውን ነዋሪ ፍሳሽ ነው። በአዋጅ የተቋቋመው የውሃ ሀብት ልማት ፈንድም የሚያበድረው እንደዚህ ላሉ ወጪያቸውን ከታሪፍ መመለስ ለሚችሉ አገልግሎቶች ነው። መኪኖቹም በነፃ አይድፉ። የሚያመጡት ፍሳሽ ከቧንቧ ከሚመጣው ብዙ እጥፍ የተከማቸ ነው፣ ኩሬህን የሚገድለው እሱ ነው። የመድፊያ ክፍያ አስከፍል፣ እያንዳንዱን ደረሰኝ ያዝ። ያ የደረሰኝ ጥራዝ ከማንኛውም ደብዳቤ በላይ ያሳምናል።

ትልቁ ገንዘብ ግን በከተማ ደረጃ ነው የሚመጣው። የአዲስ አበባው የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ የሚያስተናግዱ ኩሬዎች ነበሩት፤ ወደ 100,000 ያደገው በዓለም ባንክ ገንዘብ ነው። ባንኩ እ.ኤ.አ. በ2017 ለአዲስ አበባና ለ22 ሌሎች ከተሞች የውሃና ሳኒቴሽን ሥራ 445 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። እንዲህ ያለ በር ሲከፈት ጥናትና ልኬት በእጁ ያለው ከተማ ይቀድማል። ስታመለክት የታችኛውን ተፋሰስም ጻፍ፤ አዌቱ ቦዬ ረግረግ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ፣ እዚያ ደግሞ የኃይል ማመንጫ ግድብ አለ። ጉዳዩ የአንድ ግቢ ሽታ ብቻ አይደለም።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሃለሁ። አማካሪህ በኤሌክትሪክ አየር የሚነፋ ሥርዓት አቅርቦ ከሆነ የግንባታውን ዋጋ ብቻ አትይ። አየር መንፋት ከጣቢያው መብራት ብዙውን ጊዜ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ይበላል፣ መለዋወጫው በዶላር ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። መለዋወጫ ባለመገዛቱ የቆመ ማጣሪያ ማየት ያሳዝናል። መሬት ካላችሁ ኩሬና ሰው ሠራሽ ረግረግ ይሻላል፣ በምዕራፍ ከፍሎ መሥራትም ይቻላል፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ በካፒታል በጀት፣ ቀጣዩ በብድር።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ጥያቄው ግን ከወራት በፊት ነው የሚገባው። የዘንድሮ ክረምት ሳይለካ ካለፈ አንድ ዓመት ሙሉ ትጠብቃለህ። የአማካሪው ሰነድ ውስጥ የዓመት ማንቀሳቀሻ ወጪ ያለበት ገጽ ካለ እዚህ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።