ፕሌይና ኪው የት ቢሆኑ ይሻላል? ለሠርግ ሥራ ኮንትሮለር ለሚገዛ

ወንድም፣ «ለሠርግና ለልደት የሚሆን የመጀመሪያ ኮንትሮለር ልገዛ ነው፤ አንዱ ላይ ፕሌይና ኪው ከላይና ከታች ናቸው፣ ሌላው ላይ ጎን ለጎን፤ ለውጥ አለው ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። አለው እንጂ! ኮንትሮለር ማለት ላፕቶፕ ላይ ያለውን የዲጄ ሶፍትዌር በእጅህ የምታዝበት ሰሌዳ ነው፤ ፕሌይ ዘፈኑን ያስነሳል፣ ኪው ደግሞ ዘፈኑ የሚነሳበትን ነጥብ ይይዛል። ሰው ሱቅ ሲገባ ዓይኑ የሚያርፈው በጣት የሚመቱት ፓዶችና መብራቱ ላይ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትጫን የምታድረው ግን እነዚያን ሁለት በተኖች ነው።

እኔን ከጠየቅከኝ የሲዲጄውን (ክለብ ውስጥ የሚቀመጠው የፓዮኒር ማጫወቻ) አቀማመጥ ያዝ። ሁለት ክብ በተኖች፣ ኪው ከላይ ፕሌይ ከሥር፣ በዴኩ (አንዱ ዘፈን በሚታዘዝበት ጎን) ግራ ጥግ ታች። የፓዮኒር ኮንትሮለሮቹ ዲዲጄ-400ም እሱን የተካው ዲዲጄ-ኤፍኤልኤክስ4ም እንዲሁ ናቸው። ብራንድ ወድጄ አይደለም፤ ነገ ክለብ ተጠርተህ ሲዲጄ-2000 ወይም ሲዲጄ-3000 ፊት ብትቆም እጅህ ቦታውን ያውቀዋል። ትራክተር ለሚባለው የዲጄ ሶፍትዌር የተሠሩት የድሮዎቹ ትራክተር ኮንትሮል ኤስ4 ኮንትሮለሮች ላይ ደግሞ ሺፍት፣ ሲንክ (የሁለት ዘፈን ፍጥነት አገጣጣሚው)፣ ኪውና ፕሌይ ከፓዶቹ ሥር በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል። በእሱ ያደጉ ልጆች እንደ ፒያኖ ነው የሚጫወቱበት፣ አልነቅፈውም። ከባዱ ዛሬ በአንዱ ነገ በሌላው መሥራት ነው፤ ጨለማ ውስጥ እጅ የለመደውን ነው የሚፈልገው።

ከቦታው ይልቅ ግን የኪውን ጠባይ እወቅ። በሲዲጄ አሠራር ዘፈኑ ቆሞ ሳለ ኪውን ስትጫን እዚያው ነጥብ ላይ ምልክት ያደርጋል። ምልክቱ ላይ ሆነህ ይዘህ ብትቆይ እስክትለቀው ይጫወታል፣ ስትለቀው ይመለሳል። ይዘኸው እያለ ፕሌይን ከነካህ ሁለቱንም ልቀቅ፣ ዘፈኑ ይቀጥላል። አደጋው ዘፈኑ እየሄደ ኪውን የነካህ ጊዜ ነው፤ ወደ ምልክቱ ተመልሶ ቀጥ ይላል። ሙሽሮቹ በር ላይ ሆነው፣ እልልታው ቀልጦ ሳለ አዳራሹ ጸጥ ሲል አስበው። ስለዚህ ሁለቱ በተኖች በጣም የተጠጋጉበትን ትንሽ ኮንትሮለር ለሠርግ አልመክርም። ሱቅ ውስጥ ዓይንህን ጨፍነህ አመልካች ጣትህን ኪው ላይ፣ አውራ ጣትህን ፕሌይ ላይ አሳርፍና ሞክረው። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ላፕቶፕ ላይ ሰክተህ ፕሌይን ደጋግመህ ተጫን። አንዴ ነክተኸው ጀምሮ ወዲያው የሚቆም ከሆነ በተኑ አልቋል ማለት ነው፣ ዋጋውን ቀንሰው ቢለምኑህም ተወው።

ይህ ጠባይ በሶፍትዌርም ይቀየራል። ነፃው የዲጄ ሶፍትዌር ሚክስ (ሦስት ኤክስ ያለው) ውስጥ የፓዮኒር፣ የዴኖን፣ የኑማርክና ከፕ የሚባሉ የኪው ዓይነቶች አሉ። ከፕ ትራክተርም ላይ አለ፤ ተጭነህ ስትለቀው ነው ከምልክቱ የሚነሳው። ለሚጫወትበት ደስ ይላል፣ ለጀማሪ ግን ፓዮኒር ላይ አድርገህ እርሳው።

አሁን የእኛ ዘፈን ጋ ስንመጣ ሌላ ጣጣ አለ። ሶፍትዌሮቹ ቢቱን (ምቱን) የሚቆጥሩት በአብዛኛው በ4/4 ነው፣ ችክችካ ደግሞ 6/8 ነው። በባንድ የተቀዱት የድሮ ዘፈኖችማ ፍጥነታቸው ራሱ እየሄደ ይለዋወጣል። ኳንታይዝ በርቶ ኪው ስታደርግ ሶፍትዌሩ ምልክቱን ቢት ብሎ ወዳሰበው ቦታ ይስበዋል፤ አንተ ከበሮው ላይ አድርገህ እሱ ከከበሮው ፊት ወይም ኋላ ያስቀምጠዋል። ለአማርኛ ዘፈን ኳንታይዝን አጥፋ። ዘፈኑን አቁመህ ጆግ ዊሉን (ትልቁን ተሽከርካሪ ክብ) በቀስታ እያዞርክ ከበሮው የሚመታበት አፍ ላይ አድርስ፣ ኪው በል፣ ከዚያ በሄድፎን ይዘህ ልቀቅ፣ ይዘህ ልቀቅ። «ዱም» የሚለው ድምፅ መነሻው ከተቆረጠ ትንሽ ወደ ኋላ መልሰህ እንደገና አድርግ። መግቢያው ረጅም የሆነና ያለ ምት በእንጉርጉሮ የሚጀምር ትዝታ ከሆነ ኪውን መነሻው ላይ ተወውና ምቱ የሚገባበትን ቦታ ሆት ኪው (በፓድ የሚጠራ ተጨማሪ ምልክት) ላይ አስቀምጥ። ለሠርግ ከዘፈን ሁለት ሆት ኪው ይበቃል፣ ስምንቱን ፓድ መሙላት የቤት ጨዋታ ነው። ሲንክም ለእነዚህ ዘፈኖች አያስተማምንም፣ በጆሮህ ግጠም።

የምትጠቀመው ሴራቶ የሚባለውን ሶፍትዌር ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ሁለት ነገር አብራ። አንዱ የሚጫወተውን ዴክ የሚቆልፈው ነው፤ በስህተት ሌላ ዘፈን እንዳይጫንበት። ሌላው የኪቦርዱ የፕሌይ ቁልፎች ያለ ሺፍት እንዳይሠሩ የሚያደርገው ነው። የሙሽራው አጎት መጥቶ «ያንን የጎንደሩን አድርግልኝ» ሲልህ የዘፋኙን ስም በጥድፊያ ትጽፋለህ፤ መፈለጊያው ውስጥ ሳትገባ ከጻፍክ ፊደሎቹ ዴኩን ያዙታል።

ላፕቶፕህ ምን እንደሆነና በጀትህን ጻፍልን፣ ሞዴሉን አብረን እንመርጣለን።