ኦርኪዴ ለምን ጠወለገ?

ጥያቄ፦ በስጦታ ያገኘሁትን፣ ከቡና ስኒ የማይበልጥ ኦርኪድ (የአበባ ተክል) በግቢያችን ቀይ አፈር ተክዬ በየቀኑ ባጠጣውም ሥሩ ጠቁሮ ቅጠሉ እየረገፈ ነው፤ ምን ላድርግ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ተክሉን የጎዳው አፈሩና የውሃው ብዛት ይመስለናል። አብዛኞቹ ትንንሽ ኦርኪዶች በተፈጥሯቸው ዛፍ ላይ ተጣብቀው ስለሚኖሩ ሥራቸው እንደ ውሃው ሁሉ አየርም ይፈልጋል፤ የረጠበ ቀይ አፈር ደግሞ ያፍነዋል። የላሸቀውን ሥር በእሳት በተለበለበ ምላጭ ቆርጠው ያስወግዱና ተክሉን በተሰባበረ የዛፍ ቅርፊትና በጥቂት ከሰል፣ ከታች በተበሳ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ያኑሩት። ከዚያ በኋላ በቀን ቆጠራ ሳይሆን ሥሩን እያዩ ያጠጡ፤ ብርማ ነጭ ሲሆን ጠምቶታል፣ አረንጓዴ ከሆነ ጠግቧል። የክረምቱን ዝናብ ካጠራቀሙለት (ጎጃም በዚህ አይታማም) ይስማማዋል። ደብረ ማርቆስ ባለችበት በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ሌሊቱ ስለሚበርድ ማታ አያጠጡት፤ ከመስኮቱ መስተዋትም ያርቁት።