በአንድ ልጅ እጅ ሦስት ካርድ፦ ለወጣት ባልደረቦቼ

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

የሕፃናትን የአእምሮ ሕክምና ስትጀምሩ አስቀድማችሁ የምትማሩት መለየትን ነው። ኦቲዝም ለብቻው፣ የትኩረት ማነስና መቅበጥበጥ ለብቻው፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነትም ለብቻው ይዘረዘራል፤ የሚጥል በሽታ ደግሞ የነርቭ ሐኪሞች ድርሻ ተደርጎ ወደ ሌላ ክፍል ይላካል። እኔም እንዲሁ ተምሬ ለብዙ ዓመታት እንዲሁ አስተምሬያለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ፣ እነዚህ ችግሮች በአንድ ልጅ ላይ ተደራርበው ስታገኟቸው እንደ ክፉ አጋጣሚ እንዳትቆጥሩት፣ ከሥራቸው እንደሚገናኙ አውቃችሁ ገና ከመጀመሪያው ቀን እንድትፈልጓቸው ነው።

በሥራ ዘመኔ አጋማሽ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ከእናትና ከአባቱ ጋር መጣ። እናትየው በሦስት የተለያዩ ክፍሎች የተጻፉ ሦስት ካርዶች ይዛ ነበር፤ አንዱ የሚጥል በሽታውን፣ ሁለተኛው የንግግር መዘግየቱን፣ ሦስተኛው ኦቲዝሙን የሚመለከት። ልጁ ወንበር ላይ አንድ ደቂቃ አይረጋም። እናትየው «ይህስ ምኑ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ «የኦቲዝሙ ነው» ብዬ አለፍኩት። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ኦቲዝም ላለበት ልጅ የትኩረት ማነስም አለበት ብሎ መወሰንን አይፈቅድም ነበርና፣ ሕጉን ጠብቄያለሁ ብዬ ሕሊናዬን አሳረፍኩ። ክልከላው የተነሣው በ2013 በወጣው አምስተኛ እትም ነው። በመካከሉ ባሉት 19 ዓመታት ስንት ልጅ እንዲህ እንደታለፈ ሳስብ ይቆጨኛል፤ የትኩረት ማነስ መድኃኒት ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ጥቅሙ በመጠኑ ቢቀንስና የጎንዮሽ ጉዳቱ ቢበረታም፣ ለብዙዎቹ ይረዳልና።

የችግሮቹ ዝምድና ፍንጭ ግን ከመመሪያው በፊት ነበር። ተመራማሪዎቹ ሱዛን ፎልስቴይንና ማይክል ራተር እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጡት የ21 ጥንድ መንትዮች ጥናት፣ ከአንድ እንቁላል ከተገኙት 11 ጥንዶች በአራቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበራቸው፤ ከሁለት እንቁላል ከተገኙት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም እንዲህ አልታየም። ጥናቱ ዘወትር የሚጠቀሰው በዚህ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው፦ ከኦቲዝም በተጨማሪ የንግግርና የአስተሳሰብ ዕድገት ችግሮች አብረው ሲቆጠሩ፣ ከ11ዱ ጥንዶች ዘጠኙ ተመሳስለዋል። የሚወረሰው በካርዱ ላይ የምንጽፈው ስም ሳይሆን ሰፋ ያለ ተጋላጭነት መሆኑ ያኔውኑ ፊት ለፊታችን ነበር ማለት ነው።

የዘረመል ምርመራ ሲራቀቅ ነገሩ ይበልጥ ጠራ። ኤስሲኤን2ኤ የተባለውን ዘረመል ውሰዱ። ይህ ዘረመል ሶዲየም ወደ ነርቭ ሴል የሚገባበትን በር የሚሠራ ፕሮቲን ያዛል። በሩ ከልክ በላይ እንዲከፈት የሚያደርግ ለውጥ ሲከሰት፣ ሕፃኑ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወይም ወራት የሚጥል በሽታ ይይዘዋል፤ በሩን የሚያዳክም ለውጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኦቲዝምንና የአእምሮ ዕድገት ውስንነትን ያስከትላል። ዘረመሉ አንድ ሆኖ ሳለ ልጆቹ የሚላኩት ወደ ሁለት ክፍል ነው። በ16ኛው ክሮሞዞም ላይ 16ፒ11.2 ከሚባለው ቦታ 600 ሺህ ያህል የዲኤንኤ ፊደላት ሲጎድሉም፣ አንዱ ልጅ ኦቲዝም፣ ሌላው የሚጥል በሽታ፣ ሌላው የንግግር መዘግየት ብቻ ሊኖረው ይችላል። ይኸው ጉድለት ተምሮ፣ ሠርቶ፣ ቤተሰብ መሥርቶ በሚኖር ወላጅ ላይ የሚገኝበትም ጊዜ አለ።

እንዲህ ያሉት ትልልቅ ለውጦች ብርቅ ናቸው። የአብዛኞቹ ልጆች ተጋላጭነት በያንዳንዳችን ውስጥ ካሉ፣ ለየብቻቸው ኢምንት ከሆኑ ብዙ ልዩነቶች ድምር የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና 232,964 ሕሙማንን ያካተተ ጥናት ስምንት የአእምሮ ሕመሞችን አነጻጽሮ፣ ከአንድ በላይ ሕመም ጋር የተያያዙ 109 የዘረመል ቦታዎችን አግኝቷል። በኦቲዝምና በትኩረት ማነስ መካከል ያለው የዘረመል ዝምድናም 0.36 ገደማ ሆኖ ተለክቷል (ዜሮ ምንም ዝምድና የለም፣ አንድ ደግሞ ፍጹም ዝምድና ማለት ነው)፤ ይህ ዝምድናቸውን እንጂ አንድነታቸውን አያሳይም። እነዚህን ጥቃቅን ልዩነቶች ደምረው የልጁን ተጋላጭነት በቁጥር የሚሰጡ የዘረመል ምርመራዎችን ለመሸጥ የሚመጣ ቢኖር ግን አትቸኩሉ። የጥናቶቹ ተሳታፊዎች በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው በመሆናቸው ውጤቱ ለሌላው ሕዝብ በደንብ አይሠራም፤ የአንድን ልጅ ሕመም ለይቶ ለመወሰንም አልደረሰም።

ከወላጆች ጋር ስትነጋገሩ ይበልጥ ተጠንቀቁ። በአንድ ወቅት ኦቲዝም የመጣው ከእናት ቅዝቃዜ ነው ይባል ነበር፤ ያንን ወቀሳ አንሥተን «ከማን ወገን ነው?» በሚል ሙግት እንዳንተካው እፈራለሁ። ከብርቅዬዎቹ ለውጦች ብዙዎቹ በእናትም በአባትም ላይ የሌሉ፣ እንደ አዲስ የተከሰቱ ናቸው፤ ጥቃቅኖቹ ደግሞ ከሁለቱም ወገን ይመጣሉ። ይህን ሳትጠየቁ ቀድማችሁ ተናገሩ።

የቤተሰብ ታሪክ ስትወስዱም «ኦቲዝም ያለበት ዘመድ አለ?» ብላችሁ አታቁሙ። ዘግይቶ አፉን የፈታ፣ በልጅነቱ የጣለው፣ ማንበብ አቅቶት ትምህርት ያቋረጠ፣ ዓይኑን ወይም ትከሻውን ሳይፈልግ የሚያንቀጠቅጥ ካለ ጠይቁ። ታናናሾቹንም አስመጥታችሁ እዩ፤ ኦቲዝም ካለበት ልጅ ቀጥለው ከሚወለዱት ከአምስቱ አንዱ ገደማ ራሱ ኦቲዝም ይኖረዋል፣ የትኩረት ማነስም ከሌላው ሕፃን ይልቅ ይበዛባቸዋል። የዚያ የስምንት ዓመት ልጅ አባት ሊወጣ ሲል በሩን ይዞ «እኔም በልጅነቴ እንዲሁ አልቀመጥም ነበር» ብሎኝ ነበር። ፈገግ ብዬ ሸኘሁት እንጂ ከሦስቱ ካርዶች በአንዱም ላይ አልጻፍኩትም።